ቶሎ በመረሳቱ የተረፈው ጣቢያ፦ የበርሚንግሃሙ ከርዘን ስትሪት

የብሪታንያ የትራንስፖርት ሚኒስትር ሃይዲ አሌክሳንደር በጁን 2025 ፓርላማ ቀርበው፣ ከለንደን ወደ በርሚንግሃም የሚዘረጋው ፈጣን የባቡር መስመር በ2033 አገልግሎት ይጀምራል የተባለበትን ቀነ ገደብ ማክበር የሚቻልበት መንገድ እንደሌለ አስታወቁ። ኤች ኤስ ቱ በሚል ምህጻር የሚታወቀው ይህ ፕሮጀክት በወጪው መናርና በመጓተቱ ለዓመታት ሲያነታርክ የቆየ ነው። ወሬው በተነሣ ቁጥር አብሮት የሚሠራጭ አንድ ፎቶግራፍ አለ። በበርሚንግሃም ከተማ፣ በግንባታ ክሬኖች መካከል ብቻውን የቆመ፣ በፊቱ አራት ግዙፍ አምዶች የተደረደሩለት የድንጋይ ሕንፃ ይታያል። ከርዘን ስትሪት ይባላል።

ስለ ሕንፃው ሁለት ነገሮች ይነገራሉ። አንደኛው የዓለም የመጀመሪያው የባቡር ጣቢያ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከ170 ዓመት በላይ መንገደኛ ያጣው ጣቢያ እንደገና ባቡር ሊቀበል ነው የሚል። ሁለቱም ከእውነቱ አጠገብ ያልፋሉ እንጂ አያገኙትም። ከእነርሱ ይልቅ መልስ የሚሹት ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው። ገና በጠዋቱ ሥራውን ያጣ ሕንፃ እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ? የ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ሰዎች ጥለውት የሄዱትን ቦታስ የዛሬዎቹ መሐንዲሶች ለምን መረጡት? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከለንደን የመጣው ሐዲድ

ከርዘን ስትሪት የተከፈተው በ1838 ነው። በዚያው ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላት ንግሥት ማለት ነው፣ ዘውድ ጫነች። እስከ 1901 በዘለቀው ዘመኗ የተሠራው ሁሉ ቪክቶሪያዊ ስለሚባል ጣቢያው ከቪክቶሪያ ዘመን የባቡር ጣቢያዎች የመጀመሪያዎቹ ተርታ ይመደባል። ባቡር የዚያ ዘመን የብሪታንያ ጉልበት መለያ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት እንኳ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ወደ ውስጥ አጭር ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁን አጓጉዞበታል።

መስመሩን የሠራው የለንደንና በርሚንግሃም የባቡር ኩባንያ ነበር። ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ይህ ሐዲድ ለንደንን ከሌላ ትልቅ ከተማ ጋር ያገናኘ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ነው። ዋና መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ሲሆን፣ የሎኮሞቲቭ አባት እየተባለ የሚጠራው የጆርጅ ስቲቨንሰን ልጅ ነው። ሥራው የተጀመረው በጠብ ነበር። ሐዲዱ በርስታቸው እንዳያልፍ የፈለጉ ባለ መሬቶች የሕጉን ረቂቅ በ1832 በመኳንንቱ ምክር ቤት አስጣሉት። ኩባንያው ለመሬት ካሳ ከታሰበው እጅግ የበለጠ ለመክፈል ተስማምቶ በ1833 ፈቃዱን አገኘ።

ከሰው ጋር የነበረው ጠብ ሲበርድ ከመሬቱ ጋር ሌላ ተጀመረ። ኪልስቢ በተባለው ስፍራ 2.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ ሲቆፈር ውኃ ያዘለ አሸዋ ተደረመሰ። በእንፋሎት የሚሠሩ ፓምፖች ውኃውን ሲስቡ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀባቸው፤ የዋሻው ወጪም ከግምቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ደረሰ። ዋሻው ባለመጠናቀቁ በ1838 የጸደይና የበጋ ወራት መንገደኞች መካከለኛውን የጉዞ ክፍል በፈረስ ጋሪ ለመሻገር ተገደዱ። የንግሥቲቱ ዘውድ በዓል በመድረሱ ኩባንያው ገበያው እንዲያመልጠው አልፈለገም ነበር። መስመሩ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በሴፕቴምበር 1838 ነው። 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ ይፈጃል የተባለው ሥራ 5.5 ሚሊዮን ፈጀ። የኤች ኤስ ቱን ወጪ እንደ አዲስ ክስተት ለሚያዩ ሰዎች ይህን ቁጥር ማስታወስ አይከፋም፤ ልዩነቱ የያኔውን ኪሳራ የተሸከሙት ባለ አክሲዮኖች፣ የዛሬውን ደግሞ ግብር ከፋዮች መሆናቸው ነው። መስመሩ ትርፋማ ሆነ፤ የኪልስቢ ዋሻም ዛሬ ድረስ ባቡር ያልፍበታል።

የቤተ መቅደስ መልክ ያለው ጣቢያ

ባለ አክሲዮኖቹ ገንዘባቸው በጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ እያዩ፣ ኩባንያው በሁለቱም ጫፎች ለሐዲዱ ሥራ ምንም የማይጨምሩ ውድ የድንጋይ ሕንፃዎች አስገነባ። አርክቴክቱ ፊሊፕ ሃርድዊክ ነበር። በለንደኑ ዩስተን ጣቢያ በር ላይ የዩስተን ቅስት በመባል የሚታወቀውን ግዙፍ በር በ35,000 ፓውንድ አቆመ። በበርሚንግሃም በኩል ደግሞ ባለ ሦስት ፎቁን የከርዘን ስትሪት ሕንፃ ሠራ። የለንደኑ በር ዶሪክ፣ የበርሚንግሃሙ አዮኒክ በሚባለው ስልት የተሠራ ነው። ሁለቱም የጥንት ግሪኮች የአምድ አሠራር ስልቶች ሲሆኑ፣ ዶሪክ ወፍራምና ጌጥ የሌለው፣ አዮኒክ ደግሞ ቀጠን ብሎ አናቱ ላይ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ቅርጽ ያለው ነው።

ይህ ሁሉ ወጪ ከንቱ ውበት አልነበረም። በ1838 የባቡር ኩባንያ ገና እምነት የሚለምን ድርጅት ነበር። ተጓዡ ሕይወቱን፣ ባለ ገንዘቡ ጥሪቱን አደራ እንዲሰጠው ይፈልጋል። ስለዚህ ለሺህ ዓመታት የቆመ የሚመስል መልክ ለበሰ፤ ባንኮችም በዚያ ዘመን ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ሕንፃው በውስጡ የያዘው ቢሮዎችንና የኩባንያውን ዳይሬክተሮች የስብሰባ አዳራሽ ነው። ባቡሮቹ የሚቆሙት ከጀርባው፣ በብረትና በመስታወት በተሸፈነ መጠለያ ሥር ነበር። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ዛሬ በፎቶግራፍ የምናየው የጣቢያው ፊት ብቻ ነው፤ አካሉ ከፈረሰ ቆይቷል።

ለምን ቶሎ ጡረታ ወጣ?

የከርዘን ስትሪት ችግር ከመነሻው የቦታ ችግር ነበር። የተሠራው ከበርሚንግሃም መካከል ወጣ ብሎ፣ በምሥራቃዊው ዳርቻ ነው። መሬቱ ርካሽና ሐዲድ ለመዘርጋት የተመቸ ሲሆን፣ የከተማው መካከል ግን በሕዝብ የተጨናነቀ ኮረብታ ነበር።

ሁለተኛው ችግር ጣቢያው የመስመር መጨረሻ ሆኖ መሠራቱ ነው። የመስመር መጨረሻ ጣቢያ ማለት ሐዲዱ ግድግዳ ጋ ደርሶ የሚያበቃበት፣ ባቡሩ ወደ መጣበት ዞሮ ካልሆነ መውጣት የማይችልበት ጣቢያ ነው። በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ደግሞ አላፊ ጣቢያ ይባላል። መጨረሻ ጣቢያ ላይ ሎኮሞቲቩ ይፈታል፣ በሌላው ጫፍ ሌላ ሎኮሞቲቭ ይቀጠላል፣ በዚህ መካከል ሐዲዱ ተይዞ ይቆያል። የባቡሩ ቁጥር ጥቂት ሳለ ይህ አያስቸግርም፤ ሲበዛ ግን ጣቢያው ይታነቃል።

በርሚንግሃም ደግሞ መጨረሻ ሆና አልቀረችም። ግራንድ ጃንክሽን የተባለው ሌላ ኩባንያ በ1837 ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ወደ ሊቨርፑልና ማንችስተር የሚያደርሰውን ሐዲድ ከፍቶ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከከርዘን ስትሪት ጎን የራሱን ጣቢያ አቆመ። ከለንደን ወደ ሊቨርፑል የሚሄድ ሰው በአንዱ ወርዶ በሌላው ይሳፈራል። ሁለቱ ኩባንያዎች ተቀናቃኞች በነበሩበት ጊዜ ይህ የተለመደ ነበር። በ1846 ተዋሕደው የለንደንና ሰሜን ምዕራብ የባቡር ኩባንያ ሲመሠረት ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መጨረሻ ጣቢያዎች ትርጉም አጡ። አዲሱ ኩባንያ የከተማውን መካከል አፍርሶ፣ ዋሻ ቆፍሮ፣ ኒው ስትሪት የተባለውን አላፊ ጣቢያ ሠራ። በ1854 ሲከፈት ወደ 65 ሜትር የሚሰፋው ጣሪያው ያለ መካከለኛ ምሰሶ በአንድ ቅስት የቆመ ነበር፤ በስፋቱም በዘመኑ ከዓለም ተወዳዳሪ አልነበረውም።

ከርዘን ስትሪት በዚያው ዓመት መደበኛ መንገደኞችን ማስተናገዱን አቆመ። 16 ዓመት ብቻ ማገልገሉ ነው። ለሽርሽር የሚወጡ ባቡሮች እስከ 1893 አልፎ አልፎ ይነሡበት ነበር። ከዚያ ውጪ ቦታው የዕቃ ጭነት ጣቢያ ሆኖ እስከ 1966 ቆየ። ባለ አዮኒክ አምዱ ሕንፃ ከመቶ ዓመት በላይ የጭነት ሠራተኞች ቢሮ ሆነ ማለት ነው።

አለመፈለግ ያተረፈው ቅርስ

የሁለቱ መንትያ ሕንፃዎች ዕጣ የተለያየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ዩስተን ተሳክቶለት የለንደን ዋና ጣቢያ ሆኖ ቀረ፤ ስለተሳካለትም መስፋፋት አስፈለገው። የብሪታንያ የባቡር ድርጅት በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጣቢያውን እንደ አዲስ ሊገነባ ሲነሣ ቅስቱ መንገድ ላይ ቆመ። የቅርስ ተቆርቋሪዎች ቢጮኹም ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን አቤቱታውን አልተቀበሉም፤ ቅስቱ ከ1961 መጨረሻ ጀምሮ ፈረሰ። ድንጋዮቹ በምሥራቅ ለንደን የወንዝ ጉድጓድ ለመድፈን እንደ ዋሉ በ1994 ታወቀ።

ከርዘን ስትሪት ግን በሩ ላይ የሚያጨናንቅ ሕዝብ ስላልነበረ ለማስፋፋት ያሰበበት አልነበረም። የኋላው የባቡር መጠለያ በ1966 ሲፈርስ የፊቱ ሕንፃ ሳይነካ ቀረ። በ1979 የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት ገዝቶ አደሰው። ይሁንና ቋሚ ሥራ አላገኘለትም፤ የኦርጋን ሙዚቀኞች ኮሌጅ መቀመጫው ሊያደርገው አቅዶ ወጪው ስለከበደው ተወው። ሕንፃው ዛሬ በእንግሊዝ የቅርስ መዝገብ «ግሬድ አንድ» በሚባለው ከፍተኛ ደረጃ የተመዘገበ ነው። ይህ ደረጃ ያለ ልዩ ፈቃድ ማፍረስን ይከለክላል፤ ለሕንፃው ግን ተከራይ አያመጣም።

የዩስተን ቅስት መፍረስ ለሌሎች ጣቢያዎች ጋሻ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ እውነትነትም አለው። በቁጣው የተጠናከረው የቅርስ ጥበቃ ንቅናቄ በ1967 የለንደኑ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያና ሆቴል እንዲመዘገብ አድርጓል። ነገር ግን ንቅናቄው ያላዳናቸው ይበዛሉ። የብሪታንያ የባቡር ድርጅት ሊቀመንበር የነበሩት ዶክተር ሪቻርድ ቢቺንግ በ1963 ያወጡት ሪፖርት 2,363 ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ ያቀረበ ሲሆን፣ አብዛኞቹም ተዘጉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ መኖሪያ ቤት፣ ገበያ ወይም ሙዚየም ሆነዋል። ማንችስተር ሴንትራል በ1880 ተከፍቶ በ1969 ከተዘጋ በኋላ የስብሰባ አዳራሽ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ በኦክቶበር 2023 ከበርሚንግሃም ወደ ማንችስተር ሊቀጥል ታቅዶ የነበረው የኤች ኤስ ቱ ሰሜናዊ ክፍል እንደተሰረዘ ያወጁትም እዚያው አዳራሽ፣ በተዘጋው የባቡር ጣቢያ ጣሪያ ሥር በተካሄደ የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ ነው። ስላቁን ያስተዋሉት ጥቂቶች አልነበሩም።

«የመጀመሪያው» የትኛው ነው?

የዓለም የመጀመሪያው ጣቢያ የሚለው ማዕረግ ለከርዘን ስትሪት አይገባም። በማንችስተር የሚገኘው ሊቨርፑል ሮድ ጣቢያ የተከፈተው በ1830 ሲሆን ሕንፃው አሁንም አለ። እርሱም እንደ ከርዘን ስትሪት በከተማው ዳር ተሠርቶ፣ የተሻለ ቦታ ላይ ሌላ ጣቢያ ሲከፈት በ1844 መንገደኛ ያጣና እስከ 1975 በዕቃ ጭነት የኖረ ነው። በመልኩ ግን ተራ የከተማ ቤት ይመስላል። የከርዘን ስትሪት ብልጫ በሐውልታዊ የባቡር ኪነ ሕንፃ፣ ማለትም ከአገልግሎት ይልቅ ለግርማ በተሠራው፣ ከቀሩት ቀደምት መሆኑ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው ከመሬት በታች ነው። በ2020 ይፋ በተደረገው ቁፋሮ አርኪዮሎጂስቶች በጣቢያው ግቢ የክብ ሎኮሞቲቭ ማደሪያ መሠረት አግኝተዋል። ይህ በመካከሉ የሚሽከረከር መድረክ ያለው፣ ሎኮሞቲቮች በዙሪያው እየገቡ የሚቆሙበትና የሚጠገኑበት ሕንፃ ነው። በ1837 ሥራ የጀመረ በመሆኑ እስካሁን ከታወቁት የዓለም ማደሪያዎች ሁሉ ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። በአቅራቢያው ከነበረ የ19ኛው መቶ ዘመን መቃብርም ወደ 6,500 የሚደርሱ አጽሞች ተነሥተዋል።

ፈጣኑ ባቡር ለምን እዚያው ተመለሰ?

መንግሥት በ2010 የኤች ኤስ ቱን መንገድ ሲያቀርብ የበርሚንግሃሙ ጣቢያ በአሮጌው ከርዘን ስትሪት ግቢ እንዲሆን ወሰነ። ምክንያቱ ከሥነ ታሪክ ጋር አይገናኝም። ኒው ስትሪት በሁለቱም ጫፎቹ ዋሻ ስላለበት ሐዲድም መጨመር፣ እስከ 400 ሜትር ለሚረዝሙ ባቡሮች የሚበቃ መድረክም መዘርጋት አይቻልም። ከርዘን ስትሪት ግን በከተማ መካከል እንብዛም የማይገኝ ነገር ነበረው፤ ባዶ መሬት። ዕቃ ጭነቱ ከቀረ በኋላ ለፖስታ ጥቅል መጋዘንነት ያገለገለው ግቢ ከ2006 ጀምሮ ተለቅቆ ነበር። እንደ ሕንፃው ሁሉ ቦታውንም ያቆየው ችላ መባሉ ነው።

ስለዚህ «ጣቢያው ሊከፈት ነው» የሚለው አነጋገር መታረም አለበት። ባቡር ወደ አሮጌው ሕንፃ አይገባም። ከአጠገቡ ሰባት መድረክ ያለው አዲስ ጣቢያ እየተሠራ ነው፤ ንድፉን ያወጣው ግሪምሾ የተባለው የአርክቴክቶች ድርጅት ሲሆን፣ ቅስት ጣሪያው የቪክቶሪያ ዘመን የባቡር መጠለያዎችን እንዲያስታውስ ታስቧል። ለአሮጌው ሕንፃ የታሰበለት ታድሶ የጎብኚዎች ማዕከልና ቢሮ እንዲሆን ነው።

ማወዛገብ ያለበት ነጥብ ሌላ ነው። አዲሱም ጣቢያ የመስመር መጨረሻ ነው። ዋናው ሐዲድ በከተማው ምሥራቅ አድርጎ ወደ ሰሜን ሲያልፍ፣ ወደ ከርዘን ስትሪት የሚገባው ቅርንጫፍ እዚያው ያበቃል። ከሌሎቹ የበርሚንግሃም መስመሮች ጋር በሐዲድ አይገናኝም። በ1854 የተጣለው ንድፍ በ2010 ተመልሶ መጣ።

ይህ ስሕተት ነው?

ፕሮጀክቱን የሚደግፉ ወገኖች መልስ አላቸው፤ መልሱም በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። የዛሬ ባቡር በሁለቱም ጫፍ ነጂ ክፍል ስላለው ሎኮሞቲቭ መቀያየር የለም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ መጣበት ይመለሳል። የመስመሩ ዋና ዓላማም ፍጥነት ብቻ አይደለም። በአንድ ሐዲድ ላይ ፈጣንና ዝግተኛ ባቡር ሲቀላቀሉ ፈጣኑ ዝግተኛውን እንዳይደርስበት ሰፊ ክፍተት መተው ግድ ነው፤ በሰዓት የሚያልፈው የባቡር ቁጥርም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ፈጣኖቹን ወደ ራሳቸው መስመር ማውጣት አሮጌውን ሐዲድ ለአካባቢ ባቡሮችና ለጭነት ይለቅቃል። የኒው ስትሪት መጨናነቅ የሚቃለለውም በዚህ መንገድ ነው ይላሉ። ለዘመናት የተጎዳው የከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ጣቢያውን ተከትሎ እንደሚያንሠራራም ተስፋ ያደርጋሉ።

ተቃዋሚዎቹ ከሒሳብ ይነሣሉ። በ2012 ግድም ሙሉው የመስመሮች መረብ 32.7 ቢሊዮን ፓውንድ ይፈጃል ሲባል፣ መንግሥት ያስጠናው የ2020 የኦከርቪ ግምገማ እስከ 106 ቢሊዮን ሊደርስ እንደሚችል አመለከተ። ሁለቱ ግምቶች በተለያየ ዓመት ዋጋ የተሰሉ ስለሆኑ በቀጥታ አይነጻጸሩም፤ የዕድገቱ አቅጣጫ ግን አያከራክርም። በ2021 ወደ ሊድስ የሚሄደው ክንፍ ተቆረጠ፤ በ2023 ወደ ማንችስተር የሚሄደው ተከተለ። ሰባቱ መድረኮች የተነደፉት ከሦስቱም አቅጣጫ ባቡር እንደሚገባ ታስቦ ነበር። አሁን የቀረው የለንደኑ ነው።

በእኔ ግምት የደጋፊዎቹ መከራከሪያ ቴክኒካዊ ክፍሉ ትክክል ነው፤ መጨረሻ ጣቢያ መሆን እንደ 1854 ገዳይ ጉድለት አይደለም። ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከመቆራረጡ ነው። ሙሉው መረብ ቢሠራ ከርዘን ስትሪት የሦስት አቅጣጫ ማዕከል ይሆን ነበር። የተረፈው ግን አንድ መስመር ብቻ የሚያስተናግድ፣ ከሌሎቹ የተነጠለ ጣቢያ ነው። ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥል መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ኒው ስትሪት ድረስ በእግሩ ይሄዳል፤ በ1840ዎቹ ከአንዱ ኩባንያ ጣቢያ ወደ ሌላው ይሻገር የነበረው የሊቨርፑል ተጓዥ ሳይቀር አጠር ያለ መንገድ ነበረው።

ሸክሙን ሊያቃልሉ የሚችሉ ሁለት ሥራዎች አሉ። አንደኛው በአዲሱ ጣቢያ በኩል ወደ ዲግቤት ሰፈር የሚዘልቀው የከተማ ትራም ነው። ሁለተኛው ሚድላንድስ ሬል ሃብ የሚባለው ሲሆን፣ ከከርዘን ስትሪት ጎን ወዳለው ሙር ስትሪት ጣቢያ ተጨማሪ የክልል ባቡሮችን ለማስገባት ያለመ ነው። ሁለቱም ከፈጣኑ መስመር ግንባታ ጋር በጊዜ ካልተጣጣሙ ጣቢያው ሲከፈት መጋቢ አይኖረውም። በለንደን በኩል ያለው ሁኔታም የተሻለ አይደለም። የዩስተን ክፍል ሥራ በመዘግየቱ የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች የሚነሡት ከከተማው መካከል ርቆ በምዕራብ ለንደን ከሚሠራው ኦልድ ኦክ ኮመን ጣቢያ እንደሚሆን ይጠበቃል። አሁን ከዩስተን ወደ ኒው ስትሪት የሚወስደው ጉዞ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ ኤች ኤስ ቱ ወደ 50 ደቂቃ እንደሚያወርደው ቃል ተገብቷል። ይህ ቁጥር የሚለካው ከመድረክ እስከ መድረክ ነው፤ ወደ ጣቢያዎቹ መድረሻውና ከጣቢያዎቹ መውጫው ጊዜ በውስጡ የለም።